ሳይቴሽን ለመቁጠርና የምርምር ዘርፍ ካርታ ለመሥራት የቱን እንምረጥ?

“በዘርፍህ ላይ ቢብሊዮሜትሪክ ትንተና ሥራ”፣ ማለትም የዘርፉን ጽሑፎች በቁጥር አጥና፣ የሚለው ትእዛዝ ዛሬ ዛሬ ብዙ የማስተርስና የፒኤችዲ ተማሪ ጋ እየደረሰ ነው። የዲፓርትመንት ኃላፊዎች ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይዘዋል፦ የመምህራኖቻችንን ምርምር በምን እንለካው? ሁለቱም ጥያቄዎች የሚመለሱት በአንድ ጥሬ ዕቃ ነው፤ በሳይቴሽን። አንድ ወረቀት በሌላ ወረቀት የማጣቀሻ ዝርዝር ውስጥ ሲገባ አንድ ሳይቴሽን አገኘ ይባላል። ይህን ስንቆጥር መለኪያ እናገኛለን። ማን ማንን እንደጠቀሰ ስናያይዝ ደግሞ ካርታ ይወጣል።

አማራጩ ብዙ ነው። ዳታቤዙ አምስት ስድስት፣ መለኪያ ቁጥሩ ደርዘን፣ ሶፍትዌሩም እንደዚያው። ብዙ ሰው የሚጨነቀው ሶፍትዌሩ ላይ ነው። እኔ ግን ሶፍትዌሩ መጨረሻ ላይ ቢመጣ እላለሁ። መጀመሪያ ጥያቄው፣ ቀጥሎ ዳታው፣ ከዚያ ሌላው። ዳታው ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎችን በተለየ ሁኔታ የሚጎዳው ችግር ያለው እዚያ ነውና። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የተጀመረው ለፍለጋ ነው

ዩጂን ጋርፊልድ የተባለ አሜሪካዊ በ1955 “ሳይንስ” በተባለው ጆርናል ላይ አንድ ሐሳብ አቀረበ። የአሜሪካ ጠበቆች አንድ የፍርድ ቤት ውሳኔ ከዚያ በኋላ በየትኞቹ ውሳኔዎች እንደተጠቀሰ የሚያዩበት ማውጫ ነበራቸው። ለሳይንስም እንዲህ ያለ ይኑረን አለ። ፊላደልፊያ ውስጥ ያቋቋመው ተቋም በ1964 ሳይንስ ሳይቴሽን ኢንዴክስን አወጣ። ዛሬ ዌብ ኦፍ ሳይንስ የምንለው የዚህ ልጅ ነው። በ1965 ደግሞ ዴሪክ ደ ሶላ ፕራይስ የተባለ የሳይንስ ታሪክ ምሁር ወረቀቶች በማጣቀሻ ተያይዘው መረብ እንደሚሠሩ አሳየ። የካርታው ሐሳብ ከዚህ ይቀዳል።

የመጀመሪያው ዓላማ ተመራማሪው የሚፈልገውን ጽሑፍ እንዲያገኝ መርዳት ነበር። ሰው መመዘኛ የሆነው በኋላ ነው። ይህን ማወቅ ይጠቅማል፤ ቁጥሮቹ ለምን አንዳንድ ቦታ ላይ እንደሚያነክሱ ይገልጻልና።

ጥያቄያችሁ የቱ ነው?

ሦስት ዓይነት ጥያቄ አለ። አንደኛው ስለ ዘርፍ ነው፦ በጤፍ ላይ እስካሁን ምን ተጠና? እነማን አብረው ይሠራሉ? ምን ይጎድላል? ይህ የካርታ ጥያቄ ነው። ሁለተኛው ስለ ቡድን ነው፦ የዚህ ፋኩልቲ ወይም የዚህ ዩኒቨርሲቲ ምርምር ዓለም ላይ ካለው ጋር ሲነጻጸር የት ነው? ሦስተኛው ስለ አንድ ሰው ነው፦ ይህች ተመራማሪ የማዕረግ ዕድገት ይገባታል?

ሳይቴሽን ለመጀመሪያው በጣም ይረዳል። ለሁለተኛው በጥንቃቄ ይረዳል። ለሦስተኛው ብቻውን አይበቃም። ብዙ ጥፋት የሚመጣው ለሁለተኛው የተሠራውን ቁጥር ለሦስተኛው ከመጠቀም ነው።

ዳታው ከየት ይምጣ?

ዌብ ኦፍ ሳይንስና ስኮፐስ የሚከፈልባቸው ናቸው። የመጀመሪያው የክላሪቬት፣ ሁለተኛው ደግሞ በ2004 የጀመረው የኤልሰቪየር ነው። ሁለቱም ጆርናል መርጠው ነው የሚያስገቡት። ጥቅማቸውም እዚህ ላይ ነው፤ የማጣቀሻ መረጃቸው በአብዛኛው ንጹሕ ነው፣ ወደ ካርታ ሶፍትዌር ለማስገባትም የተመቸ ነው። ዌብ ኦፍ ሳይንስ ላይ ማጣቀሻ ጭምር ስታወርዱ በአንድ ጊዜ የሚሰጣችሁ 500 ወረቀት ነው፤ ከዚያ በላይ ከሆነ እየከፋፈላችሁ ታወርዳላችሁ።

ጉዳቱ ሽፋኑ ነው። ሁለቱም ወደ እንግሊዝኛ ያጋድላሉ። ስኮፐስ ሰፋ ያለ ነው፤ በአዳጊ አገሮች የሚታተሙ ጆርናሎችን በማካተትም በአብዛኛው ይሻላል። በሁለቱም ግን በአማርኛ የተጻፈ ምርምር የለም ቢባል ይቀላል። መጽሐፍም ከጆርናል ጽሑፍ በጣም ባነሰ ሁኔታ ነው የሚሸፈነው። የታሪክ፣ የግዕዝ ፊሎሎጂ ወይም የሕግ ሰው ከሆናችሁ ዋናው ሥራችሁ መጽሐፍ ውስጥና በአገር ውስጥ ኅትመት ላይ ነው። እነዚህ ዳታቤዞች አላዩትም ማለት ሥራው የለም ማለት አይደለም።

ጉግል ስኮላር በተቃራኒው ሁሉን ይሰበስባል። መመረቂያ ጽሑፉ፣ ሪፖርቱ፣ የአገር ውስጥ ጆርናሉ፣ ሁሉም እዚያ አለ። በነጻ ነው። በዚህ ምክንያት የአንድ ሰው የሳይቴሽን ቁጥር ጉግል ስኮላር ላይ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ከሌሎቹ ይበልጣል። ሁለት ሰው ሲነጻጸር አንዱ በስኮፐስ፣ ሌላው በጉግል ስኮላር ቁጥር መሆን የለበትም። ይህ ቀላል ነገር ይመስላል፤ የማዕረግ ማመልከቻ ላይ ግን ይደረጋል።

የጉግል ስኮላር ድክመት በር ላይ ጠባቂ አለመኖሩ ነው። በ2010 ሲሪል ላቤ የተባለ ፈረንሳዊ የኮምፒውተር ሳይንስ ተመራማሪ “አይክ አንትካሬ” የሚባል ሰው ፈጠረ። ሰውየው የለም። ላቤ በኮምፒውተር የተፈበረኩ ትርጉም አልባ ወረቀቶችን እርስ በርስ እንዲጠቃቀሱ አድርጎ ኢንተርኔት ላይ አስቀመጠ። የሌለው ሰው ኤች-ኢንዴክስ (የተመራማሪ የሳይቴሽን መለኪያ ነው፤ ወደ ኋላ እናየዋለን) 94 ደረሰ። ብዙ ታላላቅ ሳይንቲስቶች እዚያ አይደርሱም። ሌላው ችግር ተግባራዊ ነው። ጉግል ስኮላር ዳታውን በጅምላ አያስወርድም፤ ለአንድ ፍለጋም ከ1000 በላይ ውጤት አያሳይም። የወረቀቶቹን የማጣቀሻ ዝርዝርም አይሰጥም። ስለዚህ ለሳይቴሽን ካርታ አይሆንም። ጽሑፍ ለመፈለግ ግን ከእሱ የሚሻል አላየሁም።

ኦፕንአሌክስ በጥር 2022 የተከፈተ ነው። ማይክሮሶፍት የራሱን የምርምር ዳታቤዝ በ2021 መጨረሻ ሲዘጋ አወርሪሰርች የተባለ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ቦታውን ተካ። ስሙ ከጥንቱ የእስክንድርያ ቤተ መጻሕፍት የተወሰደ ነው። ከ200 ሚሊዮን በላይ ሥራዎችን ይዟል። ዳታው የማንም ንብረት አይደለም፤ ማንም ያወርደዋል፣ ማንም ይፈትሸዋል። የፓሪሱ ሶርቦን ዩኒቨርሲቲ ከ2024 ጀምሮ የዌብ ኦፍ ሳይንስ ክፍያውን አቋርጦ ወደዚህ ዞሯል። ደረጃ በማውጣት የሚታወቀው የኔዘርላንዱ ላይደን ማዕከልም በዚያው ዓመት በኦፕንአሌክስ ዳታ ብቻ የተሠራ ክፍት ደረጃ አውጥቷል። እነዚህ ትንሽ ነገሮች አይደሉም። በጀት የማይበቃው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያለ ተማሪ ሶርቦን ካለው ጋር አንድ ዓይነት ዳታ በእጁ አለ ማለት ነው።

ንጹሕ ነው ብዬ ግን አልሸነግላችሁም። ድግግሞሽ አለ። የማጣቀሻ ዝርዝራቸው የጎደለ ወረቀቶች አሉ። ጸሐፊዎቹ የሰጧቸው ቁልፍ ቃላት የሉበትም፤ ያሉት በማሽን የተለጠፉ ናቸው። የቁልፍ ቃል ካርታ መሥራት የምትፈልጉ ከሆነ ስኮፐስ ወይም ዌብ ኦፍ ሳይንስ ይሻላችኋል።

ዳይሜንሽንስ በ2018 የመጣ መካከለኛ አማራጭ ነው። ለግል ጥናት የሚሆን ነጻ ገጽ አለው፤ ሽፋኑም ሰፊ ነው። ፐብሜድ ደግሞ ለጤና ሰዎች የታወቀ ነው። ነገር ግን ከእሱ የምታወርዱት ፋይል የማጣቀሻ ዝርዝር የለውም። በፐብሜድ ብቻ የአብሮ መጻፍና የቃላት ካርታ ይሠራል፤ የሳይቴሽን ካርታ አይሠራም። ይህን ሳያውቁ ብዙ ቀን የሚለፉ ተማሪዎች ያሳዝኑኛል።

ስማችን እና ዳታቤዙ

አሁን ወዳልኳችሁ ነገር ልምጣ። እነዚህ ዳታቤዞች የተሠሩት የቤተሰብ ስም ላለው ዓለም ነው። የመጨረሻውን ቃል የቤተሰብ ስም ብለው ይወስዱታል። ለምሳሌ ያህል ተስፋዬ መኮንን የሚባል ተመራማሪ አለ እንበል። ዳታቤዙ ላይ “መኮንን ቲ.” ይሆናል። ትዕግሥት መኮንን፣ ታደሰ መኮንን፣ ጥላሁን መኮንንም በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፉ ሁሉም “መኮንን ቲ.” ናቸው። አባቶቻቸው አይተዋወቁም፤ ዳታቤዙ ውስጥ ግን አንድ ሰው ሊሆኑ ይችላሉ።

ተቃራኒውም አለ። ተስፋዬ በሚቀጥለው ወረቀቱ የአያቱን ስም ቢጨምር “ከበደ ቲ. ኤም.” ይሆናል። አንድ ሰው ለሁለት ተከፈለ። ገብረ መድኅን ወይም ኃይለ ሥላሴ ከሆነ ደግሞ የባሰ ነው። አንዴ ተያይዞ፣ አንዴ ተለያይቶ፣ አንዴ በሰረዝ ይጻፋል። ሲለያይ “ሥላሴ” ብቻውን የቤተሰብ ስም ሆኖ ቁጭ ይላል። በዚህ ላይ የእንግሊዝኛው አጻጻፍ ወጥ አይደለም። መኮንን በስንት ዓይነት እንደሚጻፍ ሁላችንም እናውቃለን።

ውጤቱ ከባድ ነው። የአንዲት ተመራማሪ ሳይቴሽን ለሦስት ስም ይበተንና ኤች-ኢንዴክሷ ይወርዳል። የአብሮ መጻፍ ካርታ ላይ አንድ ሰው ሦስት ነጥብ ይሆናል። ወይም አራት ሰው አንድ ትልቅ ነጥብ ሆኖ “የዘርፉ መሪ” ይባላል። እንዲህ ያለ ካርታ አይቶ ድምዳሜ የሚጽፍ ሰው ስለሌለ ሰው እየጻፈ ነው።

መድኃኒቱ ሁለት ነው። ለራሳችሁ ኦርኪድ የሚባለውን ነጻ መለያ ቁጥር ዛሬውኑ አውጡ፤ ከ2012 ጀምሮ ያለ ነው። ወረቀት ስትልኩ ሁልጊዜ ስማችሁን በአንድ ዓይነት አጻጻፍ ጻፉ፣ ቁጥሩንም አያይዙ። ካርታ ስትሠሩ ደግሞ ቢያንስ ከላይ ያሉትን ሃምሳ ስሞች በዓይናችሁ እዩ። የተበተኑትን ሰብስቡ፣ የተደባለቁትን ለዩ። አሰልቺ ነው። ግን የኢትዮጵያን ምርምር ካርታ የሚሠራ ሰው ይህን ካላደረገ ፈረንጁ ሊያደርግለት አይችልም፤ ተስፋዬና ትዕግሥት ሁለት ሰው መሆናቸውን የምናውቀው እኛ ነን።

ወረቀቶቹ በምን ይያያዙ?

ካርታ ማለት ነጥቦችና መስመሮች ናቸው። ዋናው ምርጫ መስመሩ ምን ማለት ነው የሚለው ነው።

ኮሳይቴሽን የሚባለው መንገድ በ1973 ሄንሪ ስሞል አሜሪካ ውስጥ፣ ኢሪና ማርሻኮቫ ሶቭየት ኅብረት ውስጥ ሳይተዋወቁ በአንድ ዓመት ያቀረቡት ነው። ሁለት የቆዩ ወረቀቶች በሌሎች ወረቀቶች ውስጥ አብረው ከተጠቀሱ ይያያዛሉ። የዘርፉን መሠረት ያሳያል፤ ሁሉም የሚቆምበትን። አዲስ ወረቀት ግን ገና ስላልተጠቀሰ አይታይም።

ቢብሊዮግራፊክ ካፕሊንግ ከእሱ ይቀድማል። በ1963 የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም ሰው የሆነው ኬስለር ነው ያመጣው። ሁለት ወረቀቶች ተመሳሳይ ማጣቀሻ ከተጋሩ ይያያዛሉ። ትናንት የወጣ ወረቀትም ማጣቀሻ ስላለው ወዲያው ካርታው ላይ ይገባል። ቦያክና ክላቫንስ በ2010 ከሁለት ሚሊዮን በላይ የባዮሜዲካል ወረቀቶች ላይ መንገዶቹን አወዳድረው ነበር። የአሁኑን የምርምር ግንባር ለማሳየት ካፕሊንግ ከኮሳይቴሽን በትንሹ በልጦ ተገኘ።

እንግዲህ ለመመረቂያ ጽሑፍ የትኛው ይሻላል? ጥያቄያችሁ “ይህ ዘርፍ በምን ላይ ተመሠረተ?” ከሆነ ኮሳይቴሽን። “አሁን ምን እየተጠና ነው? ክፍተቱ የት ነው?” ከሆነ ካፕሊንግ። አብዛኛው ተማሪ የሚጠይቀው ሁለተኛውን ነው። የሚሠራው ግን የቁልፍ ቃል ካርታ ነው፤ ቀላል ስለሆነና ለዓይን ስለሚያምር። የቁልፍ ቃል ካርታ መጥፎ አይደለም፤ ርዕሰ ጉዳዮቹን ባጭሩ ያሳያል። ቢሆንም ጸሐፊዎች ቃል የሚመርጡት እንደየስሜታቸው ነው። ማጣቀሻ ላይ ግን በእርግጥ ማንን ተከትለው እንደሠሩ ይታያል።

ለአብሮ መጻፍ ካርታ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በዓለም አቀፉ የበሽታ ጫና ጥናት ወረቀቶች ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ ጸሐፊዎች ይሰለፋሉ፤ ከእነሱም መካከል ኢትዮጵያውያን ጥቂት አይደሉም። አንድ እንዲህ ያለ ወረቀት ካርታው ውስጥ ከገባ ሁሉንም ከሁሉም ጋር ያስተሳስርና ትልቅ ኳስ ይሠራል። ሌላው ሁሉ ይዋጣል። ቪኦኤስቪወር የተባለው የካርታ ሶፍትዌር (ከታች እመጣበታለሁ) በራሱ ከ25 በላይ ጸሐፊ ያላቸውን ወረቀቶች እንድትተዉ ያቀርባል። ተቀበሉት። ወይም አንድ ወረቀት ለጸሐፊዎቹ ተካፍሎ እንዲቆጠር የሚያደርገውን ክፍልፋይ አቆጣጠር ምረጡ።

ፍለጋውም ራሱ ካርታውን ይወስናል። ጤፍን እንውሰድ። በእንግሊዝኛ አንዱ በአንድ ኤፍ፣ ሌላው በሁለት ኤፍ ይጽፈዋል። አንዱን ብቻ ከፈለጋችሁ ግማሹን ታጣላችሁ። በአንድ ኤፍ ብቻ ስትፈልጉ ደግሞ ሌላ ጣጣ ይመጣል። እነዚያ ሦስት ፊደሎች በሕክምና ምግብ ሲፈጭ ሰውነት ለሚያወጣው ሙቀትም፣ በአየር ቧንቧና በምግብ ቧንቧ መካከል ለሚፈጠር ያልተለመደ ቀዳዳም ምኅጻረ ቃል ናቸው። ሳታጣሩ ካርታ ብትሠሩ የጤፍ ምርምር ማእከል ላይ የሕፃናት ቀዶ ሕክምና ይወጣላችኋል። ሳይንሳዊ ስሙን፣ ኤራግሮስቲስ ቴፍን፣ ከሁለቱም አጻጻፎች ጋር ጨምሩ፤ አጭሩን ደግሞ እንጀራ፣ እህል፣ ግሉተን ከሚሉ ቃላት ጋር አጣምሩት።

ሶፍትዌሩ

እዚህ ላይ አጭር ነኝ፤ አራቱም በነጻ ይገኛሉና መሞከር ትችላላችሁ።

ቪኦኤስቪወር ለጀማሪ የመጀመሪያ ምርጫዬ ነው። ላይደን ውስጥ ቫን ኤክና ዋልትማን የሠሩት ነው። ኮድ መጻፍ አይጠይቅም። ከስኮፐስ፣ ከዌብ ኦፍ ሳይንስ፣ ከዳይሜንሽንስ፣ ከፐብሜድ ፋይል ይቀበላል፤ ከኦፕንአሌክስም በኢንተርኔት በቀጥታ ይወስዳል። ስሞችንና ቃላትን የምታዋሕዱበት ቀላል ፋይልም አለው። የማይችለው በዘመን ሂደት መተንተንን ነው፤ ቀለም ይቀባላችኋል፣ ከዚያ በላይ አይሄድም። ከሁለት ዳታቤዝ የመጣ ፋይልም አብሮ አይወስድም።

ቢብሊዮሜትሪክስ የኔፕልሱ ማሲሞ አሪያና ባልደረባው ኮራዶ ኩኩሩሎ በ2017 ያቀረቡት፣ አር በተባለው የስታቲስቲክስ ኮድ ቋንቋ የሚሠራ ፓኬጅ ነው። ኮድ ለማይችል ሰው ቢብሊዮሻይኒ የሚባል በብራውዘር የሚሠራ ገጽ አለው። ስኮፐስንና ዌብ ኦፍ ሳይንስን አዋሕዶ ድግግሞሹን ያወጣል። በዓመት፣ በአገር፣ በጆርናል የተዘረዘሩ ሠንጠረዦች የሚያስፈልጓችሁ ከሆነ ይህን ያዙ። እንዲያውም ብዙ ጊዜ የሚበጀው ሠንጠረዡን በዚህ፣ ካርታውን በቪኦኤስቪወር መሥራት ነው።

ሳይትስፔስን ፊላደልፊያ ባለው ድሬክሰል ዩኒቨርሲቲ ቻውሜይ ቸን ነው የሠራው። ጠንካራ ጎኑ ጊዜ ነው። ድንገት ብዙ መጠቀስ የጀመረ ወረቀትን ለይቶ ያወጣል፤ ሁለት ዘርፍ የሚያገናኘውንም ያሳያል። ገጹ ግን የተጨናነቀ ነው፤ የሚስተካከለው ነገር ብዛት ጀማሪን ያደክማል። ጌፊ ለማንኛውም መረብ የሚሆን ነው፤ ሌላ ቦታ የሠራችሁትን መረብ ለማስዋብ ካልሆነ በዚህ ሥራ አትጀምሩበት።

ለመመዘን የቱ ቁጥር?

ኢምፓክት ፋክተር የጆርናል ቁጥር ነው። ባለፉት ሁለት ዓመታት የወጡ ጽሑፎች ዘንድሮ ያገኙት ሳይቴሽን ለጽሑፎቹ ብዛት ሲካፈል ነው። አማካይ ነው። አማካይ ደግሞ በአንድ ጽሑፍ ሊናጥ ይችላል። በ2008 ጆርጅ ሼልድሪክ ሼልኤክስ ስለተባለው የክሪስታል መተንተኛ ፕሮግራም የጻፈው ወረቀት አክታ ክሪስታሎግራፊካ ኤ በተባለው ጆርናል ላይ ወጣ። ፕሮግራሙን የተጠቀመ ሁሉ ያንን ጠቀሰ። የጆርናሉ ኢምፓክት ፋክተር በ2008 ከነበረበት 2.051 በ2009 ወደ 49.926 ዘለለ። በዚያው ጆርናል ላይ የወጡት ሌሎቹ ጽሑፎች ባንድ ሌሊት አልተሻሉም። በጆርናሉ ቁጥር ጸሐፊውን መመዘን የሰፈሩን አማካይ ገቢ አይቶ የአንድን ቤት ኪስ መገመት ነው። “ኪው ዋን” (የላይኛው ሩብ) የሚባለውም ደረጃ ያው የጆርናል ነው። የት ልላክ ለሚለው ጥያቄ ይረዳል፤ ማን ይሾም ለሚለው አይረዳም።

ኤች-ኢንዴክስን በ2005 የፊዚክስ ሊቁ ሆርሄ ሂርሽ አመጣው። ኤች-ኢንዴክሷ 10 የሆነ ተመራማሪ ቢያንስ አሥር አሥር ጊዜ የተጠቀሱ አሥር ወረቀቶች አሏት። ቀላል ነው፤ ለዚህም ተወደደ። ግን እዩት። የአንዷ ወረቀቶች 50፣ 20፣ 9፣ 5 እና 4 ጊዜ ተጠቅሰዋል። የሌላው አራት ወረቀቶች እያንዳንዳቸው 4 ጊዜ። የሁለቱም ኤች-ኢንዴክስ 4 ነው። በዚያ ላይ ዕድሜ ይቆጥራል እንጂ አይቀንስም፤ ጡረታ የወጣ ሰው እንኳ ይጨምራል። የሂሳብ ሰው ከሕክምና ሰው ጋር በዚህ መነጻጸር የለበትም። የሂሳብ ወረቀት ጥቂት ማጣቀሻ ነው የሚይዘው፤ ሳይቴሽኑም ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው።

ጥሬ ቁጥር ምን ያህል እንደሚያሳስት በዓለም ላይ በብዛት ከተጠቀሱት ወረቀቶች ፊት የሚገኘውን ማየት በቂ ነው። ሎውሪና ባልደረቦቹ በ1951 የጻፉት ፕሮቲን መለኪያ ዘዴ ነው፤ ከ300,000 በላይ ሳይቴሽን አለው። ጠቃሚ ዘዴ ነው፤ ላቦራቶሪ ሁሉ ስለተጠቀመበት ሁሉም ጠቀሰው። የዋትሰንና የክሪክ የ1953ቱ የዲኤንኤ ወረቀት ከዚያ በብዙ ያነሰ ነው ያለው። ሳይቴሽን መጠቀምን ይነግራል። ታላቅነትን አይነግርም። የፊዚክስ ሊቁ ፒተር ሂግስም ከ1964ቱ ሥራው በኋላ ያሳተመው ከአሥር ወረቀት በታች ነበር። በ2013 ኖቤል ሲሸለም በዛሬው አሠራር ሥራ የሚሰጠኝ ዩኒቨርሲቲ አይኖርም ነበር ብሏል።

ለቡድን የምመርጠው በዘርፍና በዓመት የተስተካከለ ቁጥር ነው። አንድ ወረቀት በዚያው ዘርፍ፣ በዚያው ዓመት ከወጡ ወረቀቶች ጋር ይነጻጸራል። 1 ከሆነ የዓለም አማካይ ነው፤ 1.5 ከሆነ ከአማካዩ በ50 በመቶ በላይ። ከዚህም ይልቅ በጣም የምወደው የላይደን ደረጃ የሚጠቀምበትን ነው፦ ከወረቀቶቻችን ስንት በመቶው በዘርፉ በብዛት ከተጠቀሱት 10 በመቶ ውስጥ ገባ? ይህ በአንድ ግዙፍ ወረቀት አይናጥም። ሼልኤክስ ዓይነት ነገር ቢመጣም እንደ አንድ ወረቀት ብቻ ነው የሚቆጠረው።

ግን ብዛት ይፈልጋል። ሃያ ወረቀት ያለው ዲፓርትመንት ላይ አንድ ወረቀት ብቻ 5 በመቶ ያወዛውዛል። ካለፈው ዓመት ወረቀት ጀምሮ መቁጠርም አያዋጣም፤ ሳይቴሽን ለመምጣት ሦስት ዓመት ገደማ ስጡት።

በየሁኔታው ምን ልምረጥ?

ክፍያ የሌለው ተማሪ ከሆናችሁ ኦፕንአሌክስን ከቪኦኤስቪወር ጋር ያዙ፤ በካፕሊንግ ጀምሩ። ከዚያ በፊት ግን የቤተ መጻሕፍት ባለሙያውን ጠይቁ። ዩኒቨርሲቲያችሁ ስኮፐስ ኖሮት ሳታውቁ ልትቀሩ ትችላላችሁ። አማካሪያችሁ ወይም የምትልኩለት ጆርናል “ስኮፐስ ወይም ዌብ ኦፍ ሳይንስ ብቻ” ካለ አንዱ በቂ ነው፤ ሁለቱን ማዋሐድ ካለባችሁ በቢብሊዮሜትሪክስ።

የጤና ሰው ሆናችሁ ፐብሜድን ከለመዳችሁ ለፍለጋው ተጠቀሙበት፤ ለሳይቴሽኑ ግን ሌላ ምንጭ ያስፈልጋችኋል። በታሪክ፣ በቋንቋ፣ በሕግ የምትሠሩ ከሆነ ሳይቴሽን ቆጠራን ለመመዘን አትጠቀሙበት ነው የምለው። ዳታው ሥራችሁን አይቶት አያውቅም።

የዲፓርትመንት ኃላፊ ከሆኑ ደግሞ ቡድኑን በመቶኛ ደረጃ ይዩት፤ የግለሰቡን ግን ምርጥ የሚለውን ሦስትና አራት ወረቀት አስመጥተው በዘርፉ ሰዎች ያስነብቡ። በ2012 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ የተዘጋጀው የምርምር ምዘና መግለጫ ኢምፓክት ፋክተርን ለግለሰብ ምዘና አትጠቀሙ የሚለው በግልጽ ነው። በ2015 ኔቸር ላይ የወጣው የላይደን ማኒፌስቶም ከአሥር መርሖቹ በአንዱ አካባቢያዊ ፋይዳ ያለው ምርምር እንዲጠበቅ ይጠይቃል። በወሎ አርሶ አደር ማሳ ላይ የተሠራ፣ ለአገር ውስጥ ጆርናል የተላከ ጥናት በዓለም ዳታቤዝ ጥቂት ሳይቴሽን ሊኖረው ይችላል። ማሳው ላይ ያመጣው ለውጥ ካለ እሱ በማመልከቻው ላይ ይጻፍ፤ ይነበብም።

የመረጣችሁት ምንም ይሁን ምን የዘዴ ክፍላችሁ ላይ እነዚህን ጻፉ፦ የትኛው ዳታቤዝ፣ ያወረዳችሁበት ቀን፣ የፍለጋ ቃሉ ከነነጥቡ እንዳለ፣ ስንት ወረቀት ወጥቶ ስንት እንደቀረ፣ አንድ ነጥብ ካርታ ላይ ለመግባት የጠየቃችሁት ዝቅተኛ ቁጥር፣ ሙሉ ወይም ክፍልፋይ አቆጣጠር፣ እና ስሞቹን እንዴት እንዳጸዳችሁ። ያዋሐዳችሁበትን የስም ፋይልም ከወረቀቱ ጋር አያይዛችሁ አውጡት። ከእናንተ ቀጥሎ የኢትዮጵያን ምርምር የሚያጠና ሰው እንደገና ከመኮንን ቲ. አይጀምርም።